ውሃ የማይለቅ የቲማቲም ስጎ እንዴት እንደሚሰራ

በበጋ ባሕር ዳር ቅዳሜ ገበያ ስትወጡ ቲማቲም በየመደቡ ተከምሮ ታያላችሁ። ጥሩ ስጎ የሚሰራው ያኔ ነው። የክረምቱ ውሃ ይበዛበታል፣ ዋጋውም አይቀመስም።

ሞላላውን፣ ሮማ የሚባለውን ዓይነት ምረጡ። ሥጋው ወፍራም ነው፣ ውሃና ፍሬው ያንሳል። በደንብ የቀላ ይሁን። ለግማሽ ኪሎ ፓስታ 1 ኪሎ ቲማቲም፣ 1 መካከለኛ ቀይ ሽንኩርት፣ 3 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ 4 የሾርባ ማንኪያ ዘይትና ጨው ይበቃል።

ቲማቲሙን ለሁለት ክፈሉና የተቆረጠውን ፊት በካሮት መፈቅፈቂያ ላይ ፈቅፍቁት። ልጣጩ እጃችሁ ላይ ይቀራል። በፈላ ውሃ ነክሮ መላጥም ይቻላል፤ እኔ ግን ይሄኛው ድካሙ ስለሚያንስ እመርጠዋለሁ። በጁስ መፍጫ አትፍጩት። አየር ይገባበትና አረፋ ያወጣል፣ ቅላቱም ይደበዝዛል።

ሽንኩርቱን አድቅቃችሁ ከትፉና በዘይት፣ በመለስተኛ እሳት አቁላሉት። ይለስልስ እንጂ አይጥቆር። ነጭ ሽንኩርቱ ሽታው እስኪወጣ ብቻ ይበቃዋል። ከዚያ ቲማቲሙን ጨምሩ።

ዋናው ሥራ እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ የሰራሁ ቀን ጾም ነበር፣ እንግዳም ጠርቼ ነበር። ድስቱን ከደንኩት። እንዳያርብኝ ፈርቼ ውሃ ጨመርኩበት፣ በ15 ደቂቃም አወረድኩት። ፓስታው ላይ ሳደርገው ቀይ ውሃ ለብቻው ሳህኑ ዳር ዳር ወረደ። ጎምዛዛ ነበር። ስኳር ብጨምርበት ጉምዛዜው ሳይለቀው ጣፋጭ ሆነ። እንግዶቹ ዝም ብለው በሉ፤ እኔን ግን እስከዛሬ ይቆጨኛል።

ቲማቲም ከ90 በመቶ በላይ ውሃ ነው። ያ ውሃ በእንፋሎት መውጣት አለበት። ስለዚህ ድስቱ ሰፊ ይሁን፣ አትክደኑት፣ ጠብታ ውሃም አትጨምሩ። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቲማቲሙ ለመብሰል ትንሽ ይዘገያል፤ ሌላ አገር የተጻፈ ሰዓት አትመኑ። እኔ ከ40 እስከ 45 ደቂቃ እሰጠዋለሁ።

ደግሞም ከሰዓቱ ይልቅ ድስቱን እዩ። መጀመሪያ ቀጭን ሆኖ ይንፈቀፈቃል፣ አረፋው ነጣ ይላል። ቀጥሎ ከበድ ይልና ፕክ ፕክ ማለት ይጀምራል። መጨረሻ ላይ ማማሰያውን መሐሉን ስትጎትቱት መንገዱ ጥቂት ቆይቶ ነው የሚዘጋው፤ ዘይቱም ቀልቶ ዳር ዳሩን ይወጣል። ደርሷል ማለት ነው። የመጨረሻዎቹን 10 ደቂቃዎች ከምድጃው አትራቁ፣ የሚያርረው ያኔ ነው።

ጨው የሚጨመረው አሁን ነው። ቀድማችሁ ከጨመራችሁ ውሃው ሲያልቅ ጨዋማ ይሆናል። ካላችሁ ጥቂት የበሶብላ ቅጠል ጣል አድርጉበት።

ስጎውን ለማወፈር የቲማቲም ድልህ የሚጨምሩ ብዙ ናቸው። በክረምት 1 ማንኪያ ሽንኩርቱ ላይ ጠብሶ መጨመር ይረዳል፤ በበጋ ግን አያስፈልግም፣ የትኩሱን ቲማቲም ጣዕም ይሸፍነዋል። አልሙኒየም ድስትም አልወድም። ቲማቲም አሲድ ስላለው ብዙ ሲቆይበት ብረት ብረት ይላል።

ከፓስታ ሌላ፣ ከጣና የመጣ ቀረሶ ዓሣ ጠብሳችሁ ከላዩ አድርጉበት። የተረፈውን ፍሪጅ አስገቡና በ4 ቀን ውስጥ ጨርሱት። በሚያዝያ ሙቀት ውጭ ካደረ ግን ድፉት።