ለዲስቶፒያ ልቦለዳችሁ ሜዝ እንዴት ትሰራላችሁ (ጎጃም ላይ ቆመን)

ዲስቶፒያ (ሰው በጨካኝ ስርአት ስር ሚኖርበት የወደፊት አለም ታሪክ) ለመፃፍ ምትሞክሩ ልጆች፣ በተለይ ባህርዳርና ማርቆስ ያላችሁ፣ ሜዝ (መታጠፊያው የበዛ ውስብስብ መንገድ) ስታስገቡ ማየው ነገር ሁሌ አንድ ነው። ሰማይ ሚነካ ግራጫ ግንብ፣ ማታ ማታ ሚንቀሳቀስ ግድግዳ፣ ውስጡ አውሬ፣ ስሙን የረሳ ልጅ፣ በቃ። አንባቢው ይሄን በፊልም ጠግቦታል። ሜዝ ሚያስፈራው በግንቡ ቁመት አደለም፣ ማን አሰራው ማን ይጠብቀዋል ማን ይበላበታል ሚለው ጥያቄ መልስ ሲኖረው ነው፣ ስለዚ ካርታ ከመሳላችሁ በፊት እሱን እንጨርስ።

መጀመሪያ ባለቤቱን ፈልጉ

የግሪኮቹን የድሮ ተረት አስታውሱ። የቀርጤሱ ንጉስ ሚኖስ ዳዳሉስ ሚባል ባለሙያ ጠርቶ ገብተው ማይወጡበት ቤት ያሰራል፣ ውስጡ ግማሹ ሰው ግማሹ በሬ የሆነው ሚኖታወር ይገባል፣ ከዛ አቴንስ ሰባት ወንድና ሰባት ሴት ልጆች እየላከች እሱ ይበላቸዋል። ሰው ሁሉ አውሬውን ነው ሚያስታውሰው፣ እኔ ግን ሁለት ነገር ልብ በሉልኝ። አንደኛ ሚኖታወሩ የንግስቲቱ ልጅ ነው፣ ማለትም ቤቱ የተሰራው ለማሰር ብቻ ሳይሆን የቤተመንግስቱን ጉድ ለመደበቅም ነው። ሁለተኛ የቀርጤስና የአቴንስ ትልልቆች ተጣልተው ተዋግተው አቴንስ ስትሸነፍ እዳውን ሚከፍሉት ልጆቹ ናቸው። የወጣት ዲስቶፒያ ማለት እኮ ይሄው ነው፣ ሌላ ምንም አልተጨመረበትም።

ስለዚ ደብተር አውጡና ፃፉ፦ መሃሉ ላይ የተደበቀው የማን ጉድ ነው? የማን እዳ ነው በልጆቹ ሚከፈለው? ግድግዳው ሲፈርስ ሚጠግነው ሰውዬ ደሞዙን ከየት ነው ሚያገኘው? የመጨረሻዋ ጥያቄ ትንሽ ትመስላለች ግን ግማሹን ታሪክ እሷ ናት ምታመጣው፣ ምክንያቱም ደሞዝተኛ ካለ ሚያማርር አለ፣ ሚያማርር ካለ ሚናገር አለ። ዳዳሉስ ራሱ በኋላ ከልጁ ጋር ታስሯል አይደል፣ እንደሱ አይነት ገፀባህሪ ማለትም ሰርቶት ሰለባው የሆነ ሰው ቢኖራችሁ ታሪኩ ይከብዳል።

ምን አይነት ሜዝ?

ሁለት አይነት አለ። አንዱ መታጠፊያው ብዙ ቢሆንም መንገዱ አንድ ነው፣ መጥፋት አይቻልም፣ ዝም ብሎ መሄድ ነው። ፈረንሳይ ሻርትር ካቴድራል ወለል ላይ በ13ኛው ክፍለ ዘመን የተሰራው እንደዛ ነው። ሌላኛው መንገዱ ሚከፋፈልበት፣ መጨረሻው ዝግ የሆነ መንገድ ያለበት ነው፣ እንግሊዝ ሃምፕተን ኮርት ያለው የአጥር ሜዝ አይነት። ብዙ ፀሃፊ ሳያስብ ሁለተኛውን ይመርጣል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን ለአምባገነን መንግስት አንደኛው ይበልጥ ያስፈራል፣ ልጁ እየመረጥኩ ነው ብሎ እያሰበ መንገዱ ግን መጀመሪያውኑ አንድ ብቻ ነበር።

በግድግዳ ማይከለክል ሜዝም አለ። ዘጌ ኡራ ኪዳነምህረት ገብታችሁ ከሆነ ክብ ቤተክርስቲያን እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ ቅኔ ማህሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ፣ ወደ ውስጥ በገባችሁ ቁጥር ማን መግባት እንደሚችል እየጠበበ ይሄዳል፣ ሚከለክላችሁ መጋረጃና ስርአት ነው። (ቤተክርስቲያኑን ዲስቶፒያ አድርጉት ማለቴ አደለም፣ ቅርፁን ነው ምለው፣ እንዳትጣሉኝ።) ማንም ሳይዛቸው ከመስመሩ ማያልፉ ልጆች ከታሰሩ ልጆች በላይ ያስጨንቃሉ።

ግንቡን ትታችሁ ከመሬታችሁ ውሰዱ

የጣና ዳር ደንገል ውስጥ ታንኳ ሚያልፍበት ቀጭን መንገድ፣ የዘጌ ቡና ጫካ፣ ሜጫ አካባቢ ነሃሴ ላይ ከሰው ቁመት ሚያልፈው በቆሎ፣ ሁሉም ይሆናል፣ በቆሎው ግን ታጭዶ ስለሚያልቅ ለአንድ የማሳደድ ምእራፍ እንጂ ለሙሉ መፅሃፍ አይበቃም። እኔ ግን አዊ ውስጥ ፋግታ ለኮማን ነው ምመርጠው። የዲከረንስ ጫካውን ያየ ያውቃል፣ ከአውስትራሊያ የመጣ ዛፍ ነው፣ ገበሬው ተጠጋግቶ ይተክለዋል፣ በመጀመሪያው አመት በችግኙ መሃል ጤፍ ይዘራል፣ አራት አምስት አመት ሲሞላው ይቆረጥና ከሰል ይሆናል፣ ከዛ እንደገና ይተከላል። አያችሁ? አምና ጫካ የነበረው ዘንድሮ ጤፍ ነው፣ ከሶስት አመት በኋላ ደሞ ሰማይ ማያሳይ ጫካ ነው። ሚንቀሳቀስ ግድግዳ ካላችሁ ይሄው፣ ያውም ያለ ሞተር፣ ሚያንቀሳቅሰው ደሞ ገበያ ነው።

እንግዲህ አስቡት፣ ወደፊት አንድ «ማህበሩ» ሚባል ነገር አገሩን በሙሉ ዲከረንስ አድርጎታል፣ ልጆች 15 ሲሞላቸው ተከላ ይገባሉ፣ በር ሚባል ነገር የለም፣ ጠባቂውም ጥቂት ነው፣ ግን ካርታ ቢሰሩ ካርታው ከአንድ አመት በላይ አያገለግልም። ይታይሽ ምትባል ልጅ እንዴት ነው መንገድ ምታውቀው? በጭስ። ከሰል ሚሆነው የእንጨት ክምር አፈር ለብሶ ሲለኮስ መጀመሪያ ሚወጣው ወፍራም ነጭ ጭስ ነው፣ እየደረሰ ሲሄድ ይሳሳና ሰማያዊ ይሆናል። ስለዚ ነጭ ጭስ ካየች እዛ ጋ ሰው ገና ቀናት ይቆያል፣ ሰማያዊ ካየች ክምሩ ሊከፈት ነው፣ ጫኚዎች ይመጣሉ፣ መኪና ከመጣ ደሞ መኪናው ሚወጣበት መንገድ አለ ማለት ነው። እንዲህ ይፃፋል፦

«ጋሼ፣ ያኛው ረድፍ መቼ ነው ሚቆረጠው?»
«አንቺ ምን አገባሽ? ሂጂ ችግኝሽን ትከይ።»
ይታይሽ አልሄደችም። ከሰውዬው ትከሻ በላይ ጭሱ ሳስቷል።

ፍርሃቷን አልነገርኳችሁም፣ ሜዙንም አልገለፅኩም፣ ግን ሁለቱም አለ። ጥበቃውን ደሞ «ጋሼ» ማለቷን አትናቁት፣ የኛ አገር ልጅ የሚጠላውንም ትልቅ ሰው በአክብሮት ነው ሚጠራው፣ «አንተ» ያለችው ቀን አመፁ ተጀመረ ማለት ነው፣ ስለዚ ያቺን ቃል ቆጥባችሁ ያዟት።

አወጣጡ ህግ ይኑረው

አንባቢ ሞኝ አደለም። ቀኝ እጅን ግድግዳ ላይ አድርጎ ሳያነሱ መሄድ ሚባለውን ዘዴ ያውቃል፣ ግድግዳዎቹ ሁሉ ከውጪው ግድግዳ ጋር ከተያያዙ በርግጥም ያወጣል። ማይሰራው ምትፈልጉት ነገር ከውጪው ተነጥሎ በቆመ ግድግዳ መሃል ሲሆን ነው፣ ያኔ ዞሮ ዞሮ መግቢያው ላይ ይመልሳችኋል። ሁለተኛው የትሬሞ ዘዴ ነው፣ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊ ነው፣ ባለፋችሁበት መንገድ ላይ ምልክት ማድረግ፣ ሁለቴ ምልክት ያለበት ጋ በፍፁም አለመግባት። ማይቀያየር ሜዝ ከሆነ ይሄ ሁሌም ይሰራል። የናንተ ገፀባህሪ ሁለቱንም ትሞክር፣ ሁለቱም ለምን እንደከሸፉ ደሞ ከሜዙ ባህሪ ይምጣ፣ ለምሳሌ ይታይሽ ምልክት ያደረገችበት ግንድ ከሰል ሆኖ ባህርዳር ገበያ ወርዷል። በእድል ወይ በህልም ያወጣችሁ እንደሆነ ግን አንባቢው መፅሃፉን ይዘጋዋል፣ እኔም እዘጋዋለሁ።

ምልክትነቱን አታስረዱ

«ይሄ ሜዝ እኮ ህይወታችን ነው» ሚል ገፀባህሪ ካላችሁ አሁኑኑ ሰርዙት። ቅኔ አገር ሆነን ይሄን መሳሳት ነውር ነው፣ ዋሸራ ወይ ጎንጅ ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ይነግራችኋል፣ ሰሙ ራሱን ችሎ ካልቆመ ወርቁ አይወጣም። ጫካው መጀመሪያ በትክክል ጫካ ይሁን፣ ሚቆስል እጅ፣ ሚሸጥ ማዳበሪያ፣ ዝናብ ሲመጣ ጭቃው። ወርቁን ቁጥር ውስጥ ደብቁት፦ ዛፉ ሚቆረጠው በአራት አምስት አመቱ ነው፣ ልጆቹ ሚገቡት በ15 ነው፣ ሚለቀቁት በ20። አንድም ቦታ አታገናኙት፣ ሚያገናኘው አንባቢ ይኖራል፣ ላያገናኝ ለሚችለው ደሞ ታሪኩ ብቻውን ይበቃዋል።

መውጫውን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ፣ ከሜዙ ሲወጡ ነፃነት ከጠበቃቸው ዲስቶፒያው አለቀ፣ ሁለተኛ ቅፅ ምታስቡ ከሆነ ከጫካው ጫፍ ላይ አዲስ ችግኝ እየተተከለ ይድረሱ።

ሁሉንም ስትጨርሱ ካርታውን ወረቀት ላይ ሳሉና ታሪኩን ላላነበበ የአክስት ልጅ ስጡት፣ እርሳስ ይዞ ይሞክረው። ሻይ ሳይቀዘቅዝ ከወጣ እንደገና ሳሉ። ጭራሽ ካልወጣ ደሞ የት ጋ እንደቆመ ጠይቁት፣ እዛች ቦታ ላይ ጠባቂ አስቀምጡ።