የፍራንክሊንን ዘር መቁጠር፦ ከመቃብሩ ድንጋይ እስከ ኤክተን መዝገብ

አያቴ ጎጃም ውስጥ የርስት ክርክር በተነሣ ቁጥር ዘር ቆጣሪ ሆነው ይጠሩ ነበር። እገሌ እገሌን ወለደ፣ እገሌ እገሊትን ወለደ እያሉ እስከ ዋናው አባት ይወጣሉ። ተከራካሪው በአንዱ ትውልድ ላይ «ይህን ማን ያውቃል?» ብሎ ከያዛቸው ግን ምስክር ሳይጠሩ አንዲት ስም ወደ ላይ አይሄዱም። እኔ ዛሬ ፊላደልፊያ ውስጥ፣ አምስተኛው መንገድና አርች መንገድ ከሚገናኙበት አካባቢ በመኪና ማቆሚያ እሠራለሁ። ሥራ ስገባና ስወጣ ከአሜሪካ መሥራች አባቶች አንዱ የሆነውን የቤንጃሚን ፍራንክሊንን መቃብር በብረት አጥሩ በኩል አየዋለሁ። ባለፈው የበረዶ ወራት የወንድሜ ልጅ የዚህን ሰው የቤተሰብ ታሪክ እንድትጽፍ ከትምህርት ቤት ስትታዘዝ፣ የአያቴን ሥርዓት ይዘን አብረን ገባንበት። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ከቅርቡ ተነሡ። የእኛው ቅርብ የመቃብሩ ድንጋይ ነበር። ፍራንክሊን በኑዛዜው ባዘዘው መሠረት የእሱና የሚስቱ ስም ከአንድ ዓመት ጋር ብቻ ተቀርጾበታል፦ ቤንጃሚንና ዴቦራ ፍራንክሊን፣ 1790። ዴቦራ የሞተችው ግን በ1774 ነው። ድንጋዩ አልዋሸም፤ ሆኖም ድንጋዩን ብቻ ያነበበ ሰው ሁለቱንም በአንድ ዓመት ይቀብራቸዋል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ካርድ አዘጋጁ፤ ከስሙና ከቀኑ ሥር ሦስት ነገር ጻፉ፦ ይህን ማን ተናገረ፣ መቼ ተናገረ፣ እንዴት ሊያውቅ ቻለ። ይህ ያልተሞላበት ካርድ እኛ ዘንድ ካርዶቹን ወደምንለጥፍበት ግድግዳ አይወጣም ነበር።

ቀጥሎ ሰውየው ስለ ራሱ የተናገረውን ስሙ። ፍራንክሊን በ1771 የሕይወት ታሪኩን መጻፍ ሲጀምር ለልጁ ለዊልያም በተጻፈ ደብዳቤ መልክ ነው የጀመረው፤ የመጀመሪያዎቹ ገጾችም ስለ ዘሩ ናቸው። ከዚያ ወደ ደብዳቤዎቹ እለፉ። የአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ፋውንደርስ ኦንላይን በሚባለው ድረ ገጹ የመሥራች አባቶቹን ደብዳቤዎች በነጻ ያስነብባል። የየል ዩኒቨርሲቲና የአሜሪካ ፍልስፍና ማኅበር ያሰናዱት የፍራንክሊን ጽሑፎች ስብስብ መጀመሪያ ቅጽ ላይ ደግሞ የቤተሰቡ የዘር ሐረግ ተዘርዝሯል። እኔ የምመክረው ሐረጉን መጨረሻ ላይ እንድታዩት ነው። መልሱን አስቀድሞ ያየ ሰው ምስክሮቹን አይሰማም።

ከደብዳቤዎቹ ሁሉ ልቤን የያዘው ፍራንክሊን መስከረም 6 ቀን 1758 ከለንደን ለዴቦራ የጻፈው ነው። በዚያ ዓመት ከዊልያም ጋር ሆኖ የአባቱን አገር ሊያይ እንግሊዝ ውስጥ ኖርዝአምፕተንሺር ወደምትገኘው ወደ ኤክተን መንደር ሄደ። አስቀድሞ በአቅራቢያዋ ባለችው በዌሊንግበረ የአጎቱን የቶማስን ልጅ አሮጊቷን ሜሪ ፊሸርን አገኘ። ኤክተን ላይ የደብሩ መዝገብ ተገልጦ ታየለት። የቄሱ ሚስት ስለ ቤተሰቡ ብዙ ታስታውስ ነበርና ወደ መቃብሩ ግቢ ይዛቸው ወጣች። ድንጋዮቹ ሽበት ለብሰው ፊደላቸው አይነበብም፤ ጠንካራ ብሩሽና ውኃ አስመጣች፣ አብሯቸው የመጣው አገልጋይ ፒተር ፈግፍጎ አጠራቸው፣ ዊልያም ጽሑፋቸውን ገለበጠ። አንድ የቤተሰብ ታሪክ ፈላጊ ሊያደርገው የሚገባው ሁሉ በዚህ ጉዞ ውስጥ አለ፦ መጀመሪያ በሕይወት ያለችው አሮጊት፣ ከዚያ መዝገቡ፣ ከዚያ ድንጋዩ፣ በመጨረሻ ግልባጩ። ቅደም ተከተሉን አትገልብጡት። መዝገብ ይጠብቃል፤ ሜሪ ፊሸር ግን በዚያው ዓመት ውስጥ አረፈች።

የእንግሊዝ አብያተ ክርስቲያናት ጥምቀት፣ ጋብቻና ቀብር እንዲመዘግቡ የታዘዙት በ1538 ነው። ፍራንክሊን እንደጻፈው የኤክተን መዝገብ የሚጀምረው ከ1555 ነበር፤ ከእሱም ወደ ኋላ እስከ አምስት ትውልድ ድረስ የታናሽ ልጅ ታናሽ ልጅ መሆኑን አወቀ። ከዚያ በላይ ያለው በወግ የሚነገር ነው። ወጉን አትጣሉት፣ ነገር ግን በሌላ ቀለም ጻፉት።

አሁን ምስክሮቹ ሲጣሉ ምን ማድረግ እንደሚገባ ላሳይ። የፍራንክሊን አባት ጆሳያ ከእንግሊዝ ወደ ቦስተን የተሻገረው መቼ ነው? ልጁ በሕይወት ታሪኩ ወደ 1682 ገደማ ይላል። ሜሪ ፊሸር ደግሞ ሲሄዱ አይታ በማስታወስ 1685 ገደማ አለች። ከሁለቱ የምናከብረውን መምረጥ አይደለም ሥራችን። የልጆቹን ልደት ተመልከቱ። ሁለቱም ምስክሮች ጆሳያ ሚስቱንና ሦስት ልጆች ይዞ መሄዱን ይስማሙበታል። ሦስተኛዋ ሐና እንግሊዝ ውስጥ የተወለደችው በ1683 ነው፤ ስለዚህ 1682 ወደቀ። ቀጣዩ ልጅ፣ የአባቱን ስም የያዘው ጆሳያ፣ ቦስተን ውስጥ በ1685 ተወለደ። ጉዞው በእነዚህ ሁለት ልደቶች መካከል ገባ ማለት ነው፤ አጥኚዎቹም 1683ን ይይዛሉ። የወንድሜ ልጅ ይህን በራሷ እጅ ያገኘች ቀን እራቷን ረስታ ነበር።

የቀን አቆጣጠር ላይ ሐበሻ አንባቢ ከሌላው ይሻላል፤ ሁለት ዘመን ይዞ መኖር ለምዷልና። እንግሊዝና ግዛቶቿ እስከ 1752 ድረስ ከዛሬው በቀናት ወደ ኋላ በሚቀረው በአሮጌው አቆጣጠር ነበሩ፤ ዓመቱም በሕግ የሚለወጠው መጋቢት 25 ቀን ነበር። ስለዚህ ፍራንክሊን በዘመኑ አቆጣጠር ጥር 6 ቀን 1705 ተወለደ፤ ዛሬ የምናከብረው ጥር 17 ቀን 1706 ነው። ሁለቱም ልክ ናቸው። አባቱ የሞተውም በጥር ወር ስለሆነ ቦስተን ግራነሪ በሚባለው መቃብር ያለው ጽሑፍ 1744 ሲል እኛ 1745 እንላለን። በይነ መረብ ላይ ያገኘነው አንድ የዘር ሐረግ ይህን ሳያውቅ ከአንዱ ጆሳያ ሁለት ሟች ሠርቶ ነበር፤ ሦስት ምሽት የበላብን እሱ ነው። ያው የቦስተን ጽሑፍ ሌላም ይዟል፦ ጆሳያ በ1655 ተወለደ፣ በ89 ዓመቱ ሞተ ይላል። ልደቱ ግን 1657 ነው። ያን ድንጋይ ያቆመው የገዛ ልጁ ፍራንክሊን ነበር። ዛሬ በቦታው የምታዩት ሐውልት ደግሞ አሮጌው ድንጋይ ሲፈራርስ በ1827 የተተካ ነው።

ሴቶቹን ስትፈልጉ ተጠንቀቁ። እኛ ዘንድ ሴት ስታገባ የአባቷ ስም አይለቃትም፤ እዚያ ግን ይጠፋል። የፍራንክሊን እናት አባያ ከናንተኬት ደሴት የፎልጀር ቤተሰብ ናት። በብዙ ደብዳቤ የሚያወራት እህቱ ጄን የምትገኘው ሜኮም በሚል ስም ነው። ይህች እህት የልጆቿን ልደትና ሞት በገዛ እጇ በትንሽ ደብተር መዝግባለች። እንዲህ ያለ ደብተር ከማንኛውም ማኅተም ካለው ወረቀት አስበልጬ አምነዋለሁ፤ የጻፈችው ወልዳ የቀበረችው ናትና።

የጋብቻ ወረቀት ባጣችሁ ጊዜም ጋብቻ አልነበረም አትበሉ። የዴቦራ የመጀመሪያ ባል ጥሏት ጠፍቶ፣ መሞቱም ስላልተረጋገጠ፣ እሷና ፍራንክሊን በ1730 ያለ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ነው አብረው መኖር የጀመሩት። የዊልያም እናት ማን እንደሆነች አይታወቅም፤ ካርዷን ባዶ ተዉት። ሁለተኛው ወንድ ልጅ ፍራንሲስ በአራት ዓመቱ በፈንጣጣ ሞተ። ዘሩ እስከ ዛሬ የዘለቀው በሴት ልጁ በሳራ በኩል ነው፤ እነሱም የአባታቸውን የባችን ስም ይዘዋል። ስለዚህ ፍራንክሊን የሚል ስም ያለው ሁሉ የእሱ ልጅ ነኝ ቢላችሁ ምስክር ጠይቁት።

ድንጋዩን የፈገፈገው ፒተር፣ ፍራንክሊን በባርነት የያዘው ሰው ነበር። እንደ እሱ ያለውን ሰው በደብር መዝገብ ብቻ ብትፈልጉት ልታጡት ትችላላችሁ፤ የጌቶቹን ደብዳቤ፣ የንብረት ዝርዝርና ኑዛዜ ማንበብ ያስፈልጋል። ፍራንክሊን በ1757 በጻፈው ኑዛዜ ከሞቱ በኋላ ፒተርና ሚስቱ ጀሚማ ነጻ እንዲወጡ አዟል። የወንድሜ ልጅ አንድ ካርድ አውጥታ ጻፈችላቸው፦ «ፒተር፣ ሚስቱ ጀሚማ። የተናገረው፦ ጌታቸው። መቼ፦ 1757።» ከዊልያም ካርድ አጠገብ ለጠፈችው።