ከፍየሎች ጎን በግ ማርባት፦ መንጋውን ከውጭ አገር ለሚያስተዳድር ባለቤት

አገር ቤት የፍየል መንጋ ያለው፣ ራሱ ግን በውጭ አገር የሚኖር ሰው በግ ለመጨመር ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የሚያሰላው ገንዘቡንና ቦታውን ነው። ጋጣው አለ፣ ግጦሹ አለ፣ እረኛውም አለ፤ ስለዚህ በጉ ከፍየሉ ጋር ይዋል፣ ከፍየሉ ጋር ይደር ይባላል። ሁለቱን አብሮ ማዋል ይቻላል። ችግሩ የሚመጣው እንደ አንድ እንስሳ ሲመገቡና ሲታከሙ ነው፤ ባለቤቱም መንጋውን በየቀኑ ስለማያይ ጉዳቱን የሚሰማው እንስሳቱ ከሞቱ በኋላ ይሆናል። ስለሆነም ለግዥው ገንዘብ ከመላኩ በፊት በጉ ከፍየሉ የሚለይበትን ነገር ለጠባቂው በጽሑፍ ማድረስ ይቀድማል።

በቅድሚያ የሚጻፈው የመዳብ ጉዳይ ነው። መዳብ ለሁለቱም የሚያስፈልግ ማዕድን ቢሆንም፣ የበግ ጉበት ትርፉን ማስወገድ ስለሚሳነው ለሳምንታትና ለወራት ያጠራቅመዋል፤ በዚህ ጊዜ ሁሉ በጉ ጤነኛ ይመስላል። ከዚያም ረጅም ጉዞ፣ የመኖ እጥረት ወይም ሌላ ጭንቀት ሲያጋጥመው የተጠራቀመው በድንገት ወደ ደም ይለቀቅና ቀይ የደም ሴሎችን ያፈርሳል። የዓይኑ ነጭና ድዱ ቢጫ ይሆናል፣ ሽንቱ ይጠቁራል፣ ብዙውን ጊዜም በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሞታል። ፍየል ግን ከበግ የበለጠ መዳብ ይፈልጋል፣ ይችለዋልም። ስለዚህ ለፍየል፣ ለከብት፣ ለዶሮ ወይም ለአሳማ የተዘጋጀ መኖና የሚላስ ማዕድን በጎቹ በሚደርሱበት ገንዳ መቅረብ የለበትም፤ በጋራው ገንዳ ለበግ የተዘጋጀው ብቻ ይቀርባል፣ ለፍየሎቹ የሚያስፈልገው ጭማሪም ተለይተው ሳሉ ይሰጣቸዋል። አዲስ ከረጢት በተገዛ ቁጥር፣ ገና ሳይከፈት፣ በላዩ የታተመው የይዘት ዝርዝር ፎቶ እንዲላክልዎ ያድርጉ።

ከዚህ የሚከተለው የሆድ ትል ነው፤ በእኔ አስተያየት ድብልቅ መንጋን ቀስ በቀስ የሚያመናምነው ዋናው ጠላት ይኸው ነው። በግን ከከብት ጋር እያፈራረቁ ማሰማራት ትሉን የሚቀንሰው የአንደኛው ትል በሌላኛው ሆድ ውስጥ በአብዛኛው ስለማያድግ ነው። በግና ፍየል ግን ዋና ዋናዎቹን ትሎች ስለሚጋሩ ከማፈራረቁ ይህ ጥቅም አይገኝም። ከእነዚህ ትሎች አንዱ የሆነው ደም መጣጩ ሄሞንከስ በአራተኛው የጨጓራ ክፍል ውስጥ እየኖረ እንስሳውን በደም ማነስ ይገድላል። የትሉ እጮች በአብዛኛው የሚገኙት ከመሬት እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ባለው የሣር ክፍል ላይ ስለሆነ፣ ከቁጥቋጦ ቅጠል ሲቀነጥብ የሚውል ፍየል እምብዛም አያገኛቸውም። በጎች ሲጨመሩ ግን እረኛው ለጥበቃ እንዲመቸው ሁሉንም በአንድ ሣር ላይ ያውላል፤ ያኔ ትልን የመከላከል አቅሙ ከበግ ያነሰው ፍየል ቀድሞ ይከሳል። ለፍየሎቹ ቁጥቋጦ ያለበት ስፍራ እንዲጠበቅላቸው በግልጽ ማዘዝ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

መድኃኒቱም ለሁለቱ እኩል አይሠራም። የፍየል ሰውነት ብዙዎቹን የትል መድኃኒቶች ከበግ ፈጥኖ ስለሚያስወግድ፣ በበግ ልክ በተሰጠው ፍየል ውስጥ የተረፉት ትሎች መድኃኒቱን የተላመደ ዘር ያፈራሉ፤ ያም ዘር በግጦሹ በኩል ወደ በጎቹ ይተላለፋል። የፍየሉ መጠን ብዙ ጊዜ ከበጉ 1.5 ወይም 2 እጥፍ ይሆናል፤ ይሁንና እንደ ሌቫሚሶል ያሉት ጥቂት ሲበዙ ስለሚመርዙ፣ መጠኑን የእንስሳት ሐኪም በክብደት አስልቶ ይጻፈው እንጂ ጠባቂው በግምት አይስጥ። ሁሉንም በየጊዜው በጅምላ ከማጠጣት ይልቅ የታችኛውን የዓይን ቆብ ውስጠኛ ክፍል እያዩ መለየት ይሻላል፤ ቀይ ከሆነ ደኅና ነው፣ ከነጣ ደም አንሶታል። ይህን በቀን ብርሃን ጠባቂው ራሱ ቢያይ ይመረጣል፤ የስልክ ካሜራ ቀለም ስለሚያዛባ ከውጭ ሆኖ በፎቶ መፍረድ አያስተማምንም።

ግዥውን በጥቂቱ ይጀምሩ፤ ይሁን እንጂ በግ ብቻውን ሲሆን ስለሚጨነቅ አንድ ብቻ አይግዙ። ሻጩ የሚናገረውን ዕድሜ በጥርስ ያረጋግጡ፦ በታችኛው መንጋጋ ፊት ካሉት ስምንት ጥርሶች መካከል ሁለቱ ትልልቅ ቋሚ ጥርሶች የሚወጡት ከ1 እስከ 1 ዓመት ተኩል ባለው ጊዜ ነው። ይህንን በፎቶ ማየት ቀላል ነው። የተገዙት በጎች ከመንጋው ሳይቀላቀሉ 30 ቀን ያህል ለብቻቸው ይቆዩ። ደስታ መሰል የሚባለው የቫይረስ በሽታ ሁለቱንም ስለሚያጠቃ፣ በሽታው በሚገኝበት አካባቢ በጎቹም ፍየሎቹም ይከተቡ።

ቀንዳም ፍየል በመኖ ሽሚያ እርጉዝ በግን ሊወጋ ስለሚችል ገንዳው ረጅም ይሁን፤ ወይም በሁለት ይከፈል።

የቀረው ከጠባቂው ጋር የሚደረገው ውል ነው። እያንዳንዱ እንስሳ የጆሮ ቁጥር ይኑረው፤ የሞተውም ቁጥሩ በሚታይበት ሁኔታ ፎቶ ተነሥቶ በዚያው ዕለት ይላክ። አስቸኳይ ሕክምና የእርስዎን ሐዋላ እየጠበቀ እንዳይዘገይ መጠነኛ ገንዘብ በቅድሚያ በጠባቂው እጅ ይቀመጥ፣ ወጪው በደረሰኝ ይወራረድ። ማበረታቻ ለመክፈል ካሰቡ ደግሞ በተወለዱት ግልገሎች ቁጥር አይክፈሉ፤ ጡት እስኪጥሉ በሕይወት የቆዩትን ይቁጠሩ፣ የጠባቂው ትጋት ይበልጥ የሚያስፈልገው በእነዚያ ወራት ነውና።