ድምሩ ዜሮ ሲወጣ፦ ስክሪፕት የያዛቸውን ቫሪያብሎች እየሠራ ሳለ መመርመር

ከድሬዳዋ ከፊራ ገበያ ወደ ሐረር ሽንኩርትና ድንች በጆንያ ለሚልኩ አንድ ነጋዴ የዕለት ጭነታቸውን የሚደምር ስክሪፕት (አጭር ፕሮግራም) በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ሠርቻለሁ። ከፓይተን 3 ጀምሮ የቫሪያብልን፣ ማለትም ፕሮግራሙ አንድን ዋጋ የሚይዝበትን፣ ስም በግዕዝ ፊደል መጻፍ ስለሚቻል ስሞቹን በሙሉ በአማርኛ አድርጌያቸዋለሁ፤ ያጋጠሙኝም ብልሽቶች በአብዛኛው የመጡት ከፊደላችን ጠባይ ነው።

ምልክት፦ ስክሪፕቱ አንዳች ስሕተት ሳያሳይ እስከ መጨረሻው ይሄዳል፤ ድምሩ ግን ዜሮ ነው።

መንስኤ፦ ከሉፑ (በየመስመሩ እየተደጋገመ ከሚደምረው የኮዱ ክፍል) በፊት «ሒሳብ» ዜሮ ተሰጥቶታል፤ ሉፑ ውስጥ ግን ከእኩል ምልክቱ በስተግራ የተጻፈው «ሂሳብ» ነው። አንባቢ ሁለቱን አንድ አድርጎ ያነባቸዋል። ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር በሚሰጠው በዩኒኮድ ግን ሒ 4626፣ ሂ ደግሞ 4610 ስለሆኑ ለፓይተን ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው። በስተቀኝ ያለው «ሒሳብ» አስቀድሞ የታወቀ በመሆኑ «ይህ ስም የለም» የሚል መልእክት እንኳ አይመጣም።

መፍትሔ፦ ሁለቱ ፊደላት በድምፅ አንድ ስለሆኑ ኮዱን ደጋግሞ ማንበብ ብዙ አይረዳም። ይልቁንስ ስክሪፕቱ በዚያች ቅጽበት ምን ምን እንደያዘ ራሱን መጠየቅ ይሻላል። ግሎባልስ (globals) የተባለው ፈንክሽን (በስሙ ሲጠራ ሥራውን የሚሠራ የኮድ ክፍል) ያሉትን ስሞች ከነያዙት ዋጋ በዲክሽነሪ፣ ማለትም በስምና ዋጋ ጥንድ ዝርዝር፣ ይመልሳል። ከሉፑ ቀጥሎ ሳትመው «ሒሳብ» 0፣ ከእርሱም ዝቅ ብሎ «ሂሳብ» 12 ይዘው አገኘኋቸው፤ 12ቱ የመጨረሻው መስመር ጆንያ ብቻ ነበር። አንዱን አጻጻፍ መርጦ በፋይሉ ሁሉ ማስተካከል ይበቃል። ዝርዝሩን በሉፕ የሚያትሙ ከሆነ ግን አስቀድመው ወደ ሊስት ይቅዱት፤ አለዚያ የሉፑ ቫሪያብል ራሱ አዲስ ግሎባል ስም ስለሚሆን ፓይተን የዲክሽነሪው መጠን በመሀል ተለወጠ ብሎ ያቆመዋል።

ቫሪያብሉ ያለው ፈንክሽን ውስጥ ከሆነ በግሎባልስ ፈንታ ሎካልስን (locals) ይጠቀሙ። እርሱ ለማየት ብቻ ነው፤ በተመለሰው ዲክሽነሪ ላይ ዋጋ ቢቀይሩ የፈንክሽኑ ቫሪያብል አይቀየርም። ብዙ ነገር ማየት ሲያስፈልግ ደግሞ ከፓይተን 3.7 ወዲህ ብሬክፖይንት (breakpoint) የሚለውን ፈንክሽን በተጠረጠረው መስመር ላይ ማስገባት ይቻላል፤ ስክሪፕቱ እዚያው ይቆምና የፈለጉትን ስም ጽፈው ዋጋውን ያያሉ።

ምልክት፦ በማጠቃለያው ላይ ሐረር ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት ጊዜ ተዘርዝሮ ጭነቱ ተከፋፍሎ ይወጣል።

መንስኤና መፍትሔ፦ ደብተሩን የሚመዘግቡት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ «ሐረር»፣ ሌላው «ሀረር» ይላሉ፤ ሁለቱም አጻጻፍ የተለመደ ስለሆነ ማንንም አጥፍተሃል ማለት አይገባም። ሦስተኛው መስመር ከስሙ በኋላ ባዶ ቦታ የቀረበት ነው፤ ይህን ተራው የማተሚያ ፈንክሽን ፕሪንት (print) አያሳይም፣ ሪፕር (repr) ግን ጽሑፉን በጥቅስ ምልክት ስለሚያጥረው ቦታው ወዲያው ይታያል። የመጀመሪያውን ፊደል የዩኒኮድ ቁጥሩን በሚመልሰው በኦርድ (ord) ሲጠይቁት አንዱ 4624፣ ሌላው 4608 ይመልሳል። ከሐ እስከ ሖ ያሉት ሰባቱ ፊደላት ከሀ እስከ ሆ ካሉት አቻዎቻቸው እያንዳንዳቸው በ16 ስለሚበልጡ፣ ባዶ ቦታውን በስትሪፕ (strip) ካስወገዱ በኋላ ከእነዚህ የሐ ፊደላት ቁጥር ላይ 16 መቀነስ ሁለቱን አጻጻፎች አንድ ያደርጋቸዋል። ይህን ግን ለማወዳደሪያ በሚያገለግለው ቁልፍ ላይ ብቻ አድርጉት፤ በደረሰኙ ላይ የከተማዋ ስም መዝጋቢው እንደጻፈው ይውጣ።