ዛፍ ቆራጭ ከመጥራታችሁ በፊት

ሱሉልታ፣ ቡራዩ፣ ለገጣፎ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ የትም ይሁን የት፣ አዲስ አበባ ዳር ቤት የሠራ ሰው ግቢው ውስጥ ወይ ከድሮ የቀረ ባሕር ዛፍ አለው፣ ወይ ራሱ በገባ ሰሞን በችኮላ የተከለው ግራቪሊያና የፈረንጅ ጽድ። ዓመታት ያልፉና ቅርንጫፉ ቆርቆሮ መፋቅ ይጀምራል። ግንቦት መጨረሻ ላይ ነፋሱ ሲበረታ ደግሞ ሰፈርተኛው ሁሉ በአንድ ሳምንት ቆራጭ ፍለጋ ይወጣል። ዋጋው ያኔ ነው የሚሰቀለው። ሥራውም ያኔ ነው የሚበላሸው። ስለዚህ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ደረቅ ጊዜ አሠሩ። ቅርፊቱ አያንሸራትትም፣ ቁስሉም ዝናብ ሳይጠጣ ይደርቃል።

አሁን ወደ ሰውየው እንምጣ። በሰፈራችን መጥረቢያና ማሽን ይዘው የሚዞሩት ልጆች አብዛኞቹ ሙያውን የተማሩት ከአጣና ንግድ ነው። ባሕር ዛፍ በፈለጉት አቅጣጫ መጣል ያውቁበታል፣ በዚህ አላማቸውም። ችግሩ ለእነሱ ዛፍ ማለት እንጨት ነው። መጣልና መከርከም ሁለት የተለያየ ሙያ መሆኑን ብዙዎቻችን አናስብም፣ አንዱን ሰው ለሁለቱም እንጠራለን፣ ከዚያ ጥላ ሲሰጥ የነበረው ዛፍ ቋሚ እንጨት ሆኖ ይቀራል።

የሚጣል ከሆነ እነሱን ጥሩ። ዛፉ እንዲኖር ከፈለጋችሁ ግን ሌላ ሰው ፈልጉ። ችግኝ ጣቢያ ሄዳችሁ እዚያ የሚሠሩትን ጠይቁ፣ ብዙዎቹ ቅዳሜና እሑድ የግል ሥራ ይሠራሉ። ትልልቅ ግቢ ያላቸው ትምህርት ቤቶችና ሆቴሎች የሚሠሩ አትክልተኞችም አሉ። የወረዳው የግብርና ባለሙያም ሰው ሊጠቁማችሁ ይችላል። በደላላ የመጣ ሰው መጥፎ ነው አልልም፤ ግን ደላላው ያየው ዛፍ የለም፣ ሥራውንም አያውቀውም። ከሁሉም የሚሻለው ጎረቤት ግቢ ገብቶ ከሁለት ዓመት በፊት የተከረከመ ዛፍ ማየት ነው። ትናንት የተከረከመ ሁሉ ያምራል።

ሰውየው ሲመጣ ዋጋ አትጠይቁት። «ይሄ ዛፍ ምን ይሻለዋል?» በሉት። ገና ከበር ሳይገባ «አናቱን ብለን እንጣለው!» ካለ፣ ሻይ ጋብዛችሁ ሸኙት። ዛፉን ዞሮ ካየ፣ ሥሩ አካባቢ ጎንበስ ብሎ ግንዱን ካንኳኳ፣ የመብራት ገመዱ በየት እንደሚገባና የጎረቤት ጣሪያ የት ድረስ እንደሆነ ከጠየቀ፣ ያኔ ስለ ዋጋ አውሩ።

አናት መቁረጥ ለምን መጥፎ ሆነ? ዛፉ ሲደነግጥ ከተቆረጠበት ዙሪያ ብዙ ቀጫጭን ቀንበጥ ይገፋል። እነዚህ ከላይ ከቅርፊቱ ሥር የተለጠፉ እንጂ ከግንዱ ውስጥ ሥር የያዙ አይደሉም። ሲወፍሩና ሲከብዱ ነፋስ ይገነጥላቸዋል። ከላይ የተከፈተው ቁስል ደግሞ ውኃ ያስገባና ግንዱን ወደ ታች ያበሰብሰዋል። ስለዚህ አደጋን ለመቀነስ ብላችሁ ከፍላችሁ ከጥቂት ዓመት በኋላ የባሰ አደጋ ትገዛላችሁ። ግራቪሊያ ቅርንጫፉ ሲመለመል ከሌላው የተሻለ ይችላል፣ ገበሬውም የሚወደው ለዚህ ነው። የፈረንጅ ጽድ ግን ወዮለት። አረንጓዴው አልፎ ቡናማው እንጨት ድረስ ከተቆረጠ እዚያ ቦታ ላይ መልሶ አያቆጠቁጥም፤ አጥራችሁ ላይ ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል። እሱን ገና ለጋ ሳለ ጀምሮ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ መከርከም ነው።

አጠቃላይ ልኩ ይሄ ነው፦ በአንድ ጊዜ ከቅጠሉ ከሩብ በላይ አታስቆርጡ። መጀመሪያ የደረቀው፣ የታመመው፣ እርስ በርሱ የሚፋተገው ይውጣ። ብዙ ጊዜ ይሄ ብቻ ይበቃል። ወፍራም ቅርንጫፍ ሲወርድ በሦስት ቁርጥ መሆን አለበት። ከግንዱ ትንሽ ራቅ ብሎ መጀመሪያ ከሥር ይገዘገዛል፣ ከዚያ ከእሱ ወጣ ብሎ ከላይ ይቆረጣል፣ በመጨረሻ የቀረው ጉቶ ይነሳል። ያለዚህ ቅርንጫፉ ሲወድቅ የግንዱን ቅርፊት ይዞ ይላጣል። ቅርንጫፉ ከግንዱ የሚገናኝበት ቦታ ላይ ያበጠ ነገር ታያላችሁ። እሱ አይነካም፣ ቁስሉ የሚዘጋው ከእሱ ተነስቶ ነው። ቀለም፣ ጭቃ፣ ሲሚንቶ ምናምን አትቀቡ። ዛፉ ራሱ ያውቅበታል።

ዋጋ። ቁጥር አልጽፍም፣ ይሄን እስክታነቡት ይለወጣል። ነገር ግን «ስንት?» ከማለታችሁ በፊት ዋጋው ምን ምን እንደሚጨምር ለዩ። መጣሉ ብቻ ነው? መከታተፉስ? ጭራሮውንና ቅጠሉን ማን ያነሳዋል? ጉቶ መንቀልማ ሁልጊዜ የብቻው ሒሳብ ነው። ከሁሉም በላይ እንጨቱ የማን እንደሆነ ተነጋገሩ። ቀጥ ያለ ወፍራም ባሕር ዛፍ ከሆነ ገንዘብ ነው፤ እንዲያውም መክፈል ያለባቸው እነሱ ሊሆኑ ይችላሉ። ሁለት ሦስት ሰው አስጠርታችሁ አስገምቱ። ለክርከማ ግን «እንጨቱን ውሰድና ቁረጥልኝ» የሚባለውን ውል በጭራሽ እንዳትገቡ። ደመወዙ እንጨት የሆነ ሰው ብዙ እንጨት ይቆርጣላ!

ትንሽ ወረቀት ጻፉ። የትኛው ዛፍ፣ የትኛው ቅርንጫፍ፣ መቼ ያልቃል፣ የጎረቤት ቆርቆሮ ወይም አጥር ቢሰበር ማን ይከፍላል። መታወቂያውን በስልክ አንሱት። ቀብድ ትንሽ፣ ቀሪው ጭራሮው ከግቢ ከወጣ በኋላ። ጎረቤቱንም ቀድማችሁ ንገሩት፣ ማሽኑ ሲጮህ ነው የሚሰማው ከሆነ ቀኑን ሙሉ አጥር ላይ ቆሞ ሲከራከር ይውላል።

ዛፉ የሚወጣው ልጅ ገመድና ቀበቶ ይኑረው፣ ሄልሜትም። ከታች ሰው የሚያርቅ አንድ ሰው መኖር አለበት። ልጆቻችሁን ቤት አስገቡ፣ ውሻውን እሰሩት። መሰላል ላይ ቆሞ ማሽን የሚያሠራ ካያችሁ አስቁሙት፣ አፍራችሁ ዝም አትበሉ። የመብራት መስመር አጠገብ ያለ ቅርንጫፍ ደግሞ የማንም ግል ሠራተኛ ሥራ አይደለም። እርጥብ እንጨት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ «በደረቅ ዱላ እገፋዋለሁ» የሚል ጀግና አትስሙ። ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት 905 ደውሉ፣ መስመሩ ይቋረጥና ይሠራል። ይዘገያል፣ አውቃለሁ። ደጋግማችሁ ደውሉ።

ፈቃድ የሚባል ነገርም አለ። ከአጥር ውጭ መንገድ ዳር ያለ ዛፍ የእናንተ አይደለም፣ ራሳችሁ ብትተክሉት እንኳ ወረዳውን ሳትጠይቁ አትቁረጡ። ግቢያችሁ ውስጥም ቢሆን የሀበሻ ጽድ፣ ዝግባ፣ ኮሶ ወይም ዋንዛ ካለ ከመጣላችሁ በፊት ጎራ ብላችሁ ጠይቁ። ሱሉልታ፣ ቡራዩና ለገጣፎ ያላችሁ የምትጠይቁት አዲስ አበባን ሳይሆን በኦሮሚያ ሥር ያለውን የሸገር ከተማ አስተዳደር ነው። ግንድ ጭኖ የሚወጣ መኪና ኬላ ላይ ወረቀት ሊጠየቅ ስለሚችል፣ ገዢው «ግድ የለም» ቢላችሁ ነገሩ የእሱ ብቻ እንዳይመስላችሁ።

ባሕር ዛፍ ካስጣላችሁ ሥራው አላለቀም። በ1880ዎቹ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደዚህ ሲመጣ ከተማው ማገዶና የቤት እንጨት አልቆበት ነበር፤ ቶሎ ስለሚያድግና ሲቆርጡት መልሶ ስለሚያቆጠቁጥ ተወደደ። ያ ጠባዩ ዛሬም አለ። ጉቶውን ዝም ካላችሁት ከጥቂት ወራት በኋላ ቁጥቋጦ ትሆናለች። ቅርፊቱን እስከ መሬቱ ድረስ ላጡት፣ አፈር አልብሱት፣ የሚወጣውን ቀንበጥ ለጋ ሳለ ስበሩ። የተቃጠለ ዘይት የሚያፈሱ አሉ። አፈሩን ያበላሻል፣ ጉድጓድ ውኃ ካላችሁ ደግሞ ወደ እናንተው ይመለሳል።

የሚቀረው ዛፍ ብዙ አይጠይቅም። ግንዱን አጥብቆ ሲሚንቶ ወይም ታይል አታስነጥፉ። የረገፈውን ቅጠል ጠርጋችሁ ከማቃጠል ሥሩ ዙሪያ አልብሱት፣ ግንዱን ግን አይንካ። አዲስ ችግኝ ሁለት በጋ ውኃ ይፈልጋል፣ በየቀኑ በጆግ ሳይሆን በሳምንት አንድ ሁለቴ በደንብ እስኪጠጣ። አቃቂና ገላን በኩል ዋልካ አፈር ላይ ያላችሁ ውኃ እንዳይቋጥርበት ከፍ አድርጋችሁ ትከሉ። ፖምና ኮክ የሚገረዙት ቅጠላቸው ረግፎ ሳለ፣ ታኅሣሥና ጥር ላይ ነው። አቮካዶ ግን ምርቱ ከተለቀመ በኋላ ትንሽ ብቻ፣ ምክንያቱም ግንዱ በድንገት ፀሐይ ካየ ይቃጠላል። ሱሉልታ ላይ አቮካዶ የተከላችሁ፣ ኅዳር ሲገባ ችግኙን ማታ ማታ በማዳበሪያ ከረጢት ሸፍኑት፣ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ግለጡለት። ውርጩ በአንድ ሌሊት ነው የሚጨርሰው።