በላስቲክ ቤት ያለ ቲማቲም ሲያስቸግር፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሔው

ክረምት ሲገባ ሜዳ ላይ ያለ ቲማቲም ቅጠልንና ፍሬን በሚያበሰብሰው የምች በሽታ ያልቃል፤ ገበያ ላይ የሚወደደውም ያኔ ነው። በባሕር ዛፍ አጣና የቆመ የላስቲክ ቤት ይህን የተዘጋ ወቅት ለደጋና ለወይና ደጋ አምራች ይከፍትለታል። ላስቲኩ ግን ዝናቡን ሲከለክል ነፋሱንም ይከለክላል። እኔ ካየኋቸው ችግሮች አብዛኞቹ የመጡት ዝናብና ነፋስ በነጻ ይሠሩልን የነበረውን ሥራ የሚተካ ሰው በመጥፋቱ ነው።

አበባው ይረግፋል፣ ፍሬ አይቋጥርም

ብዙ ሰው ቶሎ ብሎ ዘሩን ይረግማል። በመጀመሪያ የረገፈውን አበባ አንስታችሁ እዩት፤ አንገቱ ላይ ካለችው ትንሽ አንጓ ዘንድ ቢጫ ሆኖ ተቆርጦ ከሆነ ሳይዳቀል ቀርቷል። የቲማቲም አበባ ወንዴውንም ሴቴውንም በአንድነት ስለያዘ የሚፈልገው መወዝወዝ ነው። ሜዳ ላይ ይህን ነፋስ ያደርግለታል፤ በተዘጋ ቤት ውስጥ የሚነካው የለም። ሙቀቱም አለ። ቀን ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ የአበባው ብናኝ ይመክናል፤ ሌሊት ከ13 ዲግሪ በታች ሲወርድም ይዳከማል።

ቴርሞሜትር አበባው ባለበት ከፍታ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማታገኘው ቦታ ስቀሉ። በሁለቱም ጎን ቢያንስ 1 ሜትር ያህል ወደ ላይ የሚጠቀለል መጋረጃ ይኑር፤ ፀሐይ ሞቅ ማድረግ ስትጀምር ክፈቱት። ከጠዋቱ 4 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ጤዛው ከደረቀ በኋላ፣ ተክሉ የታሰረበትን ሽቦ በዘንግ መታ መታ አድርጉ። እኔ በየሁለት ቀኑ አደርገዋለሁ። ከአበባው ሥር ጥቁር ጨርቅ ብትይዙ ቢጫማ ዱቄት ሲያርፍበት ታያላችሁ።

ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ፣ ግንዱ ከአውራ ጣት በላይ ወፍሮ አበባው ካነሰ ግን የበዛው ዩሪያ ነው፤ አቁሙት።

በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ላለበት አገር መጋረጃውን ፀሐይ ሳትጠልቅ ዝጉ፤ የቀኑ ሙቀት አፈሩ ውስጥ ይቆያል። ነጠላ ላስቲክ ብቻውን ከባድ ውርጭ አይመልስም። ለለጋ ችግኝ በውስጥ በኩል በቀስት እንጨት ላይ ሁለተኛ ልባስ ጨምሩለት።

ዝናብ ሳይነካው ምች ያዘው

ንጋት 12 ሰዓት ላይ ገብታችሁ ቀና ብላችሁ ጣሪያውን እዩ። ላስቲኩ ላይ የተደረደረው ጠብታ ሌሊቱን ሙሉ ቅጠሉን ሲያርስ አድሯል፤ ምች የሚፈልገውም እርጥብ ቅጠልና ቀዝቃዛ አየር ነው። ብርድ እንዳይገባ ተብሎ በክረምት ቀኑን ሙሉ የሚዘጋ ቤት በሽታውን በእጁ ያሳድጋል። ይህን ስመለከት በጣም አዝናለሁ፤ ሰው የደከመበትን በጥንቃቄው ያጣል።

በዝናብ ቀንም ቢሆን ነፋስ በማይገፋው በኩል ክፈቱ። ውኃ ጠዋት ብቻ፣ በጠብታ መስኖ ወይም በቦይ ስጡ፤ ከላይ አታርከፍክፉ። ከመጀመሪያው የፍሬ ዘለላ በታች ያለውን ቅጠል አንሱ፤ በተክልና በተክል መካከል 50 ሴንቲ ሜትር ይኑር። ጎርፍ እንዳይገባ ዙሪያውን ቦይ ቁፈሩ። የታመመውን ቅጠል ከቤቱ አውጥታችሁ ቅበሩ። ማንኮዜብ የሚባለው የሚረጭ መድኃኒት ጤነኛውን ቅጠል ይጠብቃል እንጂ የታመመውን አያድንም፤ ስለዚህ ምልክቱ ከተስፋፋ በኋላ በእርሱ ብቻ መታመን ገንዘብ ማባከን ነው።

የፍሬው ግርጌ ጠቁሮ ይሰረጉዳል

ይህ ተላላፊ በሽታ አይደለም፤ መድኃኒት አትርጩበት። አፈሩ አንዴ ደርቆ አንዴ ሲጥለቀለቅ ካልሲየም ወደ ፍሬው አይደርስም። በጥቂት በጥቂቱ፣ ቶሎ ቶሎ አጠጡ፤ ሥሩን በደረቅ ሣር ጎዝጉዙ።

አፈሩ ላይ ነጭ ቅርፊት ይታያል

ከማዳበሪያና ከመስኖ ውኃ የቀረ ጨው ነው፤ የሚያጥበው ዝናብ የለም። በሁለት ምርት መካከል ውኃ በብዛት ለቃችሁ ወደ ታች እንዲሰርግ አድርጉ። ላስቲክ የምትቀይሩበት ዓመት ከሆነ አሮጌውን በሰኔ አንሱና አፈሩን ለክረምቱ ዝናብ ተዉት።

ላስቲኩ ዓመት ሳይሞላው ተቀደደ

የተቀደደበትን ቦታ ዳስሱት። በእንጨቱ መስመር ከሆነ ቅርፊትና የምስማር ጫፍ በልቶታል፤ አጣናውን ልጣችሁ በአሮጌ ጨርቅ ጠቅልሉት። ሁሉም ቦታ እንደ ደረቅ ቅጠል የሚሰባበር ከሆነ ፀሐይን እንዲቋቋም ያልተሠራ ተራ ላስቲክ ነው። ስትገዙ ውፍረቱ 200 ማይክሮን የሆነና ለፀሐይ ጨረር የታከመ መሆኑን ጠይቁ። የምትወጥሩትም ነፋስ በሌለበት፣ ላስቲኩ ሞቆ ሲለሰልስ፣ ቀትር አካባቢ ይሁን።