ሰው ሲያዝ ሰዓት ያዙ

ዓምና ግንቦት ላይ፣ ሌሊት፣ ስልኬ ጮኸ። የአክስቴ ልጅ ጓደኛ ነው። "ወሰዱት" አለኝ፣ የአክስቴን ልጅ ማለቱ ነው፣ ስልኩም ተቋረጠ። ማን ወሰደው? ወዴት? በምን? ምንም አላውቅም። እስኪነጋ ድረስ ከአራት ኪሎ ፒያሳ፣ ከፒያሳ ተመልሰን አራት ኪሎ፣ በየፖሊስ ጣቢያው በር ስንንከራተት አደርን። አንዱ ጋ "እዚህ የለም"፣ ሌላው ጋ "ነገ ተመለሱ"። ልጁ ለካ መጀመሪያ የጠየቅንበት ጣቢያ ውስጥ ነበር። የጣቢያውን ስም አልጠራም፣ ነገሩ የአንድ ጣቢያ ጉዳይ ብቻ አይደለምና።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ፍርድ ቤት ቀረበ። መርማሪው ተነስቶ "የተያዘው ማክሰኞ ማታ 2 ሰዓት ላይ ነው" አለ። እኛ ደግሞ "ኧረ ሰኞ ሌሊት ነው!" ብለን ተንጫጫን። ዳኛዋ "ማስረጃ አላችሁ?" ሲሉን ሁላችንም ጭጭ። ማስረጃው ኪሴ ውስጥ ነበር እኮ! የጓደኛው ጥሪ ስልኬ ላይ ከነደቂቃው ተመዝግቧል። ግን በድንጋጤ ማን ያስታውሰው።

ይህን የምጽፈው ለዚህ ነው። ፖሊስን ተጠያቂ ማድረግ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ሰልፍና ጩኸት ነው። እኔ ካየሁት ግን አብዛኛው ሥራ የሚሠራው በእስክሪብቶ ነው።

መጀመሪያ ሰዓቱ

ሕገ መንግስቱ አንቀጽ 19 ላይ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት ይላል። ወደ ፍርድ ቤት ለመጓዝ የሚያስፈልገው ተገቢ ጊዜ አይቆጠርም። ገጠር ላይ ይህ ትርጉም አለው። ከፒያሳ አራዳ ምድብ ችሎት ለመድረስ ግን ማንም "መንገድ ርቆብኝ" ሊል አይችልም።

ስለዚህ ሰው መያዙን እንደሰማችሁ ሰዓቱን ጻፉ። ቀላሉ ዘዴ ለዘመድ አጭር የስልክ መልእክት መላክ ነው፦ "እገሌ አሁን፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ14፣ ከቤቱ በር ላይ ተወሰደ።" መልእክቱ ራሱ ቀንና ሰዓት ይዞ ይቀመጣል። እዚህ ላይ የኛ አቆጣጠር ያምታታል። እኛ "ሰኞ ሌሊት" ስንል ስልኩ ማክሰኞ 2፡14 ይላል። መርማሪ ማክሰኞ ካለ፣ እናንተ ሰኞ ካላችሁ፣ ዳኛው ማንን ይመኑ? "ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ14" ብላችሁ ጻፉት፣ ያኔ የሚያከራክር ነገር የለም። 48 ሰዓቱ ረቡዕ ለሐሙስ አጥቢያ በዚያው ደቂቃ ይሞላል።

ከሰዓቱ ቀጥሎ የያዙትን ሰዎች ጻፉ። የአዲስ አበባ ፖሊስ ልብስ ነው፣ የፌደራል ነው፣ ደንብ አስከባሪ ነው፣ ወይስ ሲቪል የለበሰ? የመኪናው ሰሌዳ ስንት ነው? ስንት ነበሩ? ማን አየ? አካባቢው ላይ የጥበቃ ሠራተኛ፣ ሊስትሮ፣ ጀበና ቡና የምታፈላ ሴት አይጠፋም። እነሱ የሚያዩትን እኛ አናይም። ዛሬውኑ ጠይቋቸው፣ ከሳምንት በኋላ ሰው ይፈራል። በቪዲዮ መቅረጽ እንዴት ነው ለሚል፣ እኔ በዚያች ደቂቃ ከያዡ ፖሊስ ጋር ስልክ መጓተትን አልመክርም። ሁለተኛ እስረኛ ሆናችሁ ማን ስንቅ ያመላልስ?

ቤት መጥተው ልፈትሽ ካሉ ግን የፍርድ ቤት ማዘዣ አሳዩኝ በሉ፣ በትህትና። የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከ1954 ጀምሮ እንደሚለው፣ ፍርድ ቤት በግልጽ ካላዘዘ በቀር ብርበራ የሚካሄደው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው።

የት እንዳለ ማወቅ

ጣቢያ ስትሄዱ ስሙን እስከ አያት ተናገሩ። ሁለት ሆናችሁ ሂዱ፣ ከአስር ሰው ጋር አትሂዱ። "የለም" ካሏችሁ "ማን ልበል፣ ስምዎትንና ማዕረግዎትን ብጽፍ ቅር ይልዎታል?" ብላችሁ ጠይቁ። አንዳንዱ ይቆጣል። አንዳንዱ ግን ያኔ መዝገቡን ድጋሚ ገለጥ ያደርጋል።

ሌላው መንገድ ስንቅ ነው። የአዲስ አበባ እናቶች ይህን ከማንም ጠበቃ በላይ ያውቁታል። ማዕከላዊ የሚባለው የወንጀል ምርመራ ጣቢያ ፒያሳ አጠገብ እስረኛ ይይዝ በነበረበት ዘመን፣ በ2010 እስኪዘጋ ድረስ፣ በሩ ላይ ሳህን በፌስታል ይዘው የቆሙ ሴቶች ስንቱን አውቀዋል። ስንቁ ከገባ ሰውየው አለ ማለት ነው። ባዶው ሳህን ከተመለሰ በልቷል። ሳይነካ ከተመለሰ አንድ ነገር አለ። አክስቴ ሽሮና እንጀራ ይዛ በሁለተኛው ቀን ሄደች፣ ጥበቃው "የለም" ካለ በኋላ ምግቡን ተቀብሎ ገባ። እዚያው በር ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች፣ ግን በደስታ ነበር።

ስንቁ የገባበትን ሰዓትም ጻፉ። ሕገ መንግስቱ አንቀጽ 21 ላይ የተያዘ ሰው በትዳር ጓደኛው፣ በቅርብ ዘመዶቹ፣ በጓደኞቹ፣ በሃይማኖት አማካሪው፣ በሐኪሙና በጠበቃው የመጎብኘት መብት አለው ይላል። "መጎብኘት ክልክል ነው" ካሏችሁ በስንት ሰዓት፣ ማን እንዳለ አስቀምጡት።

ካገኛችሁት በኋላ

ደቂቃዋ አጭር ናት፣ በ"አይዞህ" ብቻ አትጨርሷት። ሦስት ነገር ንገሩት። አንደኛ፣ ቃል ለመስጠት አትገደድም፣ ዝም ማለት መብትህ ነው፣ የምትናገረው ሁሉ ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብብህ ይችላል። ሁለተኛ፣ ያላነበብከው ወረቀት ላይ አትፈርም። ሦስተኛ፣ ተገደህ የሰጠኸው ቃል በሕጉ ተቀባይነት የለውም፣ ከተመታህ ለዳኛው ተናገር። እናንተም ጠይቁት፦ በምን እንደተያዘ ነግረውታል? በሚገባው ቋንቋ?

ነገሩ ቀላል ከሆነ ፍርድ ቤት ሳይደረስ ፖሊስ ራሱ በዋስ ሊለቅ ይችላል። ጽኑ እስራት የማያስቀጣ ወንጀል ከሆነ ሕጉ ይፈቅድለታል። "የጣቢያ ዋስ ይቻላል ወይ?" ብሎ መጠየቅ አያስከፍልም።

ችሎት

ችሎት ግልጽ ነው፣ ማንም ገብቶ መቀመጥ ይችላል። መሃል ከተማ ላይ ብዙውን ጊዜ አራዳ ወይም ልደታ ነው። በጊዜ ድረሱ፣ ስልክ አጥፉ፣ ደብተርና እስክሪብቶ ያዙ። ሰፈሩ ሁሉ ይምጣ አልልም፣ አምስት ስድስት ሰው ጸጥ ብሎ ሲጽፍ ግን መርማሪም ዳኛም ያያል። (በዚያው እግረ መንገድ፣ በችሎት ማጨብጨብና ማልቀስ ምንም አይጠቅምም። እኛ አይተነዋል።)

መርማሪው አብዛኛውን ጊዜ "ምርመራዬን ስላልጨረስኩ ተጨማሪ ቀን ይሰጠኝ" ይላል። ይህ ጊዜ ቀጠሮ ነው። በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 59 መሠረት አንድ ቀጠሮ ከ14 ቀን መብለጥ አይችልም። ብዙ ሰው 14 ቀን የግድ የሚሰጥ ይመስለዋል፣ ስህተት ነው፣ 14 ጣሪያው ነው። ጠበቃችሁ ወይም የተያዘው ሰው ራሱ "ምን ቀረ? እኔ ውስጥ ሆኜ ምን ይሠራል? ውጭ ሆኜስ ለምን አይሠራም?" ብሎ መጠየቅ ይችላል። ለሁለተኛ ቀጠሮ ሲመጡ ደግሞ ባለፈው የጻፋችሁትን አውጡ። ባለፈው "ሁለት ምስክር ቀረኝ" ያለ መርማሪ ዛሬም "ሁለት ምስክር ቀረኝ" ካለ፣ ያ ዓረፍተ ነገር ከማንኛውም ጩኸት ይበልጣል።

ዋስትና ጠይቁ። ከተከለከለ በ20 ቀን ውስጥ ይግባኝ አለ። ጠበቃ መክፈል ካልቻላችሁ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማህበር ለሴቶች ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤትም ነጻ የሕግ ድጋፍ አለው።

48 ሰዓቱ ካለፈስ?

ያኔ ለፍርድ ቤት አቤቱታ ይቀርባል፣ አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ ይባላል። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 177 ላይ አለ። በጽሑፍ ነው፣ ከቃለ መሃላ ጋር። ቃለ መሃላው ላይ ሰውየውን ማን እንደያዘው፣ የትና እንዴት እንደተያዘ፣ ይህን ሊመሰክሩ የሚችሉ ሰዎች እነማን እንደሆኑ ይጻፋል። የተያዘው ሰው ራሱ ማቅረብ ካልቻለ ሌላ ሰው ያቀርብለታል። ፍርድ ቤቱ ያሰረውን አካል "ሰውየውን ይዘህ ቅረብና ለምን እንደያዝከው አስረዳ" ብሎ ያዝዛል። ጊዜ ወስዳችሁ እዩት፣ አቤቱታው የሚጠይቀው ሁሉ በመጀመሪያዋ ሰዓት ደብተራችሁ ላይ የጻፋችሁት ነው።

አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ነገሩ ይለወጣል፣ የሕገ መንግስቱ አንቀጽ 19 ሊገደብ ይችላል። ኢሰብዓዊ አያያዝን የሚከለክለው አንቀጽ 18 ግን በአንቀጽ 93 መሠረት በአዋጅም አይነካም።

ድብደባ ካለ፣ ጠባሳው ሳይጠፋ ችሎት ላይ አሳዩ፣ "መዝገብ ላይ ይስፈርልኝ፣ ሕክምና ይታዘዝልኝ" በሉ። ከተፈታ በዚያው ቀን የመንግስት ሆስፒታል ውሰዱት፣ ካርዱንና የሐኪሙን ወረቀት አትጣሉ።

ከወጣ በኋላ

ብዙ ቤተሰብ እዚህ ላይ ያቆማል። ልጁ ወጣ፣ ጠበል ጸዲቅ ተበላ፣ ተረሳ። አልፈርድም፣ ድካሙን አውቀዋለሁ። ፍላጎቱ ካላችሁ ግን፣ እና የተያዘው ሰው ራሱ ከተስማማ (ሳትጠይቁት ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ እንዳትለጥፉት)፣ በሮቹ እነዚህ ናቸው። ከጣቢያው በላይ ያለው የክፍለ ከተማው ፖሊስ መምሪያ አለ። ዐቃቤ ሕግ አለ፣ ከሕግ ውጭ ማሰር በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 423፣ በምርመራ ላይ ማስፈራራትና መደብደብ በአንቀጽ 424 ያስከስሳል። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን (ኢሰመኮ) አለ፣ አቤቱታ በቃልም በጽሑፍም በነጻ ይቀበላል፣ ማሰሪያ ቦታዎችንም ሳያስታውቅ መጎብኘት ይችላል። ማዘዝ ግን አይችልም፣ ምክረ ሐሳብ ነው የሚሰጠው፣ ይህን አውቃችሁ ሂዱ። እንባ ጠባቂ ተቋም ለአስተዳደር በደል ነው፣ ለምሳሌ ለአቤቱታችሁ መልስ የሚነፍጋችሁ ቢሮ ካለ።

ደብዳቤው አንድ ገጽ ይሁን። ታሪኩን በቀንና በሰዓት ቅደም ተከተል ጻፉ፣ ስድብ አይግባበት፣ መጨረሻ ላይ የምትፈልጉትን አንድ ነገር ጠይቁ። ሁለት ኮፒ ያዙ፣ አንዱ ላይ ቀን፣ ፊርማና ማህተም ካላረፈበት ከመስኮቱ አትነሱ። ማህተም የሌለው አቤቱታ ካዛንቺስ ላይ ለማይታወቅ ሰው እንደነገራችሁት ቁጠሩት።

እኛ ያስገባነው መልስ ያገኘው በአራተኛ ወሩ ነው። ሁለት መስመር ደብዳቤ፣ "ጉዳዩ በመጣራት ላይ ነው" የሚል። ቁጥርና ቀን አለው። አክስቴ ፕላስቲክ ከታበት ከሕክምና ወረቀቱ ጋር አስቀመጠችው፣ የፊታችን ሰኞ ይዘነው እንሄዳለን።